ለ12 ሰው የጎጆ ቤት ጉዞ ቀድሞ የሚበስል ጠንካራ ስንቅ፦ ምን ይሠራ፣ እንዴት ይጓዝ?

#1 ስንቀኛው

ሰላም ለሁላችሁ። 12 ሰው ነን፤ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ጎጆ ቤት ተከራይተናል። መንገዱ በመኪና 5 ሰዓት ይፈጃል። እዚያ ደርሶ ሽንኩርት መላጥና መክተፍ አልፈልግም። እራቱ ሁሉ ቤት ተሠርቶና ፍሪዘር ገብቶ፣ እዚያ የሚቀረው ማሞቅ ብቻ እንዲሆን ነው የማስበው። ቤቱ ባለ ሁለት ምድጃ የጋዝ ማብሰያ፣ ትንሽ ኦቭንና መካከለኛ ፍሪጅ አለው ተብሏል። ፍሪዘር የለውም። ሁለት ሰዎች ስጋ አይበሉም፤ ለሌላ አንዷ ደግሞ ወተትና የወተት ተዋጽኦ አይስማማትም።

ለጊዜው ያሰብኩት፦ ዓርብ የስጋ ወጥ በድንች፣ ቅዳሜ ላዛኛ፣ እሑድ የቀይ ቦሎቄ ወጥ በሩዝ። መጠኑንና አስተሻሸጉን የምታውቁ እስቲ እርዱኝ።

#2 እትዬ ጭልፋ

ልጄ፣ የምግቡን ዝርዝር አስቀምጠውና መጀመሪያ ምድጃውን ለካ። 12 ሰው ለየሰው ግማሽ ሊትር ወጥ ቢደርሰው 6 ሊትር ነው። 6 ሊትር ወጥ ደግሞ በ6 ሊትር ድስት አይማሰልም፤ ከ8 እስከ 9 ሊትር የሚይዝ፣ ስሩ ወፍራም የሆነ ድስት ያስፈልግሃል። የኪራይ ቤት ድስት አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ሰው ስለሆነ የራስህን ይዘህ ሂድ። ሁለቱ ምድጃዎች ከተጠጋጉ ደግሞ ሰፊ ድስት አንዱ ላይ ሲጣድ ሌላውን ይሸፍነዋል። ስለዚህ አከራዩን ከአንዱ ምድጃ እምብርት እስከ ሌላው እምብርት ያለውን ርቀት ጠይቀው።

ኦቭኑንም እንዲሁ። «ትንሽ» ማለት ስንት ነው? 23 በ33 ሴንቲ ሜትር የሆነ የላዛኛ ትሪ ለ8 ሰው ያህል ይበቃል። ለ12 ሰው ሁለት ትሪ ትፈልጋለህ፤ በትንሽ ኦቭን ግን ጎን ለጎን አይገቡም። አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ብታደርግ የታችኛው ያርራል፣ የላይኛው መሐሉ ቀዝቃዛ ይሆናል። በተራ የምታሞቀው ከሆነ ሁለተኛው እስኪደርስ አንድ ሰዓት ይፈጅብሃል።

የጋዙ ሲሊንደር ምን ያህል እንደቀረውም ጠይቅ። ይህንን የሚያስታውሰው ሰው የለም፤ እሑድ ማታ ግን ሁሉም ያስታውሰዋል።

#3 ባለ ሚዛን

እትዬ ጭልፋ ያሉት ላይ መጠኑን ልጨምር። ከቤት ውጭ ሲዋል ሰው በርታ አድርጎ ይበላል፤ ስለዚህ ከታች ያለው ጠገብ ያለ ልክ ነው።

አጥንት የሌለው ጥሬ ስጋ ለአንድ ሰው 200 ግራም ያዝ። ቀስ ብሎ ሲበስል ከሩብ እስከ ሲሶ ክብደቱን ያጣል። ለአሥሩ ስጋ በላተኞች 2 ኪሎ ማለት ነው። ደረቅ ሩዝ ለአንድ ሰው ከ80 እስከ 90 ግራም፣ በድምሩ 1 ኪሎ። ደረቅ ፓስታ 100 ግራም። ደረቅ ቦሎቄ ሲቀቀል ክብደቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ከስጋ ጋር ከሆነ ለአንድ ሰው 50 ግራም፣ ብቻውን ዋና ምግብ ከሆነ ከ80 እስከ 90 ግራም።

ለ4 ሰው የተጻፈን አሠራር በሦስት ስታባዛ ሁሉንም በሦስት አታባዛ። ፈሳሹን አንድ አምስተኛ ያህል ቀንስ፤ ትልቅ ድስት ከያዘው ወጥ አንጻር የሚተንበት ፊት ጠባብ ስለሆነ ትነቱ በሦስት እጥፍ አይጨምርም። በልኩ የጨመርከው ውሃ ወጡን ሾርባ ያደርግብሃል። ጨውና ቅመሙን በሦስት አራተኛ ጀምርና መጨረሻ ላይ ቅመሰው። ስጋውን ደግሞ 2 ኪሎውን አንዴ ድስት ውስጥ አትድፋ፤ ውሃውን ያወጣና ሳይጠበስ ይቀቀላል። በአራት ዙር፣ ቁራጮቹ ሳይነካኩ ጥበሰው። በዚህ ላይ የሚባክነው 30 ደቂቃ የወጡን ጣዕም ግማሽ ያህል ይወስናል።

#4 ውርጭ

ስንቀኛው፣ የዓርቡ ላይ ልቃወምህ ነው።

ድንች ወጥ ውስጥ በስሎ ፍሪዘር ሲገባ ይበላሻል። ውሃው በረዶ ሆኖ ውስጡን ይሰባብረዋል፤ ሲቀልጥ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ውሃ ቋጥሮ፣ አፍ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ወጡን ያለ ድንች ሥራና አቀዝቅዘው። ትናንሽ ድንቾችን ከነልጣጫቸው ሐሙስ ማታ ቀቅለህ ፍሪጅ አስገባቸው፤ 2 ኪሎ ይበቃል። ዓርብ ወጡ ሲፈላ ለሁለት እየሰበርክ ጨምራቸውና 10 ደቂቃ ይንተክተኩ። ቢላዋም አትፈልግም።

በዱቄት የወፈረ መረቅም ከፍሪዘር ሲወጣ ውሃና እርጎ መስሎ ይለያያል። ክሬም ያለበት እንደዚሁ። ቀጭን አድርገህ አቀዝቅዘው፤ ካሞቅኸው በኋላ ወይ ክዳኑን ከፍተህ አንተክትከው፣ ወይም ሁለት ጭልፋ ቦሎቄ ደፍጥጠህ አወፍረው። የሁለተኛው መንገድ ጥቅም እስከ ሰኞ ድረስ የማይለያይ መሆኑ ነው።

የዶሮ ደረት ተመልሶ ሲሞቅ እንጨት ይሆናል፤ ዶሮ ካስፈለገህ ጭኑን ውሰድ። ከበሬ ደግሞ የትከሻና የቅልጥም ስጋ ምረጥ። ጅማቱ ቀስ ብሎ ቀልጦ መረቁ ውስጥ ስለሚገባ በሁለተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይልቅ ይጣፍጣል። ለስንቅ የሚመረጠው ሲያድር የሚሻሻል ምግብ ነው።

#5 ፈጣኑ ማንኪያ

ላዛኛውን ተውና ስጎውን ቀዝቃዛ ይዘህ ፓስታውን እዚያ ቀቅል። 15 ደቂቃ አይፈጅም።

#6 ባለ ሚዛን

ፈጣኑ፣ ለአራት ሰው ልክ ነህ። ለ12 ሰው ግን 1.2 ኪሎ ፓስታ ቢያንስ 8 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። በቤት ጋዝ ምድጃ 8 ሊትር ውሃ ለመፍላት 45 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል። በዚያ ላይ ስጎው ሌላኛውን ምድጃ ይይዛል። ከዚያ 8 ሊትር የፈላ ውሃ በማያውቁት ቤት ጠባብ መታጠቢያ ላይ ማጥለል አለ። ላዛኛው ይሻላል፤ አሠራሩ ግን ይስተካከል።

#7 እትዬ ጭልፋ

ላዛኛውን በሁለት ትሪ ሥራው፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም። አንዱ በስጋና በአይብ። ሌላው በአትክልት፣ በቲማቲም ስጎና በዘይት፣ ወተት የሚባል ሳይነካው። ስጋ የማይበሉት ሁለቱም ወተት የማይስማማትም ከሁለተኛው ይበላሉ። ለሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ምግብ መሥራት አያስፈልግም።

የላዛኛውን የፓስታ ቅጠል ከመደርደርህ በፊት ካሸጊያው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ቀንሰህ ቀቅለው፤ የቀረውን ከስጎው እየመጠጠ ይበስላል። ስጎውን ረጠብ አድርገው። ትሪው የመስታወት ከሆነ ከቅዝቃዜ ወጥቶ በቀጥታ የጋለ ኦቭን ውስጥ አይግባ፤ ይሰነጠቃል። የብረት ትሪ ውሰድ። ፎይሉ ቲማቲሙን በቀጥታ እንዳይነካው ከሥሩ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፍ፤ የቲማቲም አሲድ ፎይሉን ይበሳውና ምግቡ ብረት ብረት ይላል።

በፍሪጅ የቀለጠ ትሪ ተሸፍኖ በ190 ዲግሪ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ይበቃዋል፣ መጨረሻ ላይ ለ10 ደቂቃ ክዳኑ ይነሳ። በረዶ እንደሆነ ከገባ አንድ ሰዓት ተኩል ቁጠርለት። የአትክልቱን መጀመሪያ አስገባ፤ ሲወጣ ከነፎይሉ በሁለት ወፍራም ፎጣ ጠቅልለው፣ አንድ ሰዓት ያህል ሙቀቱን ይዞ ይጠብቃል።

#8 ስንቀኛው

እግዜር ይስጥልኝ። ኦቭኑን ጠይቄ አንድ ትሪ ብቻ እንደሚይዝ አረጋገጥኩ፤ በተራ ይሁን። አንድ ጥያቄ፦ ወጡን ረቡዕ ማታ ሠርቼ፣ ድስቱን ከነክዳኑ ምድጃው ላይ አሳድሬ ጠዋት ፍሪዘር ባስገባው ችግር አለው? ትኩስ ድስት ፍሪጅ አይገባም ይላሉ።

#9 ውርጭ

ችግር አለው፣ ትልቅም ነው። 6 ሊትር ወጥ በድስቱ ከነክዳኑ ካደረ መሐሉ ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ይቆያል። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ያለው ሙቀት ተሐዋሲያን የሚራቡበት ነው። የምግብ ደኅንነት ደንቡ የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ወደ 21 በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከዚያ ወደ 5 ዲግሪ በተጨማሪ 4 ሰዓት ውስጥ ይውረድ ነው የሚለው። ጥልቅ ድስት ይህንን አያደርግም።

እንዲህ አድርግ። ወጡን ከ5 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ወደ ሰፋፊ ትሪዎች ገልብጥ፣ አትክደነው። ወይም የመታጠቢያ ገንዳውን በውሃና በበረዶ ሞልተህ ድስቱን መሐሉ አስቀምጠው፤ በየ5 ደቂቃው አማስለው። ማማሰሉ ካልተረሳ ግማሽ ሥራው እሱ ነው። ለብታው ሲጠፋ ፍሪጅ አስገባ። ትኩስ ድስት አይገባም የሚባለው ሌላውን ምግብ ስለሚያሞቅ ነው፤ መፍትሔው ማሳደር ሳይሆን ቶሎ ማብረድ ነው።

#10 ፈጣኑ ማንኪያ

ተመልሶ በደንብ ሲፈላ ያለው ሁሉ ይሞታል እኮ። ጭንቀት አታብዙበት።

#11 ውርጭ

ተሐዋሲያኑ ይሞታሉ፣ አንዳንዶቹ ያመነጩት መርዝ ግን አይጠፋም። ሩዝ ላይ የሚራባው ባሲለስ ሴሬየስ ለዚህ ምሳሌ ነው፦ የሚያስታውከውን መርዙን መፍላት አያጠፋውም። ትልቅ ድስት ወጥ ላይ የሚታወቀው ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ደግሞ ዘሩ መፍላትን ችሎ ያልፍና ወጡ ቀስ ብሎ ሲበርድ ይነሳል። 12 ሰው፣ አንድ ሽንት ቤት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፣ ፈጣኑ።

ሩዙን ለዚህም ጭምር እዚያው አብስለው፤ ቀቅሎ መጫን አያስፈልግም።

#12 ክዳን ያላጣ

ቀይ ቦሎቄ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ማንም አላነሳውም። ጥሬው ውስጥ ሌክቲን የሚባል ነገር አለ፤ ካልበሰለ በጥቂት ፍሬ ብቻ ሆድ ይገለብጣል። ቢያንስ 5 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ይዘፈዝፍ፤ የዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ። ከዚያ በአዲስ ውሃ ፍልቅልቅ እያለ 30 ደቂቃ ይፍላ፤ ቀሪውን እየተንተከተከ ሙክክ ይላል። ጥሬውን በቀጥታ ቀስ ብሎ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ ማስገባት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሙቀቱ መርዙን ለማጥፋት አይደርስም።

ቲማቲም፣ ሎሚና ኮምጣጤ ፍሬው ለስልሶ ካለቀ በኋላ ይግቡ። ቀድመው ከገቡ ቆዳው ይጠነክርና ሦስት ሰዓት ቢበስልም ጠጠር ይሆናል። ሩዙ የሚጣድበት ምድጃ እንዳይጠፋ ኦቭን ውስጥ አብስለው፦ 1 ኪሎ የታጠበ ሩዝ፣ 2 ሊትር የፈላ ውሃ፣ 2 ማንኪያ ዘይት፣ ጨው። ጥልቀቱ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ትሪ ውስጥ ጨምረህ በፎይል ጥብቅ አድርገህ ሸፍን፤ በ190 ዲግሪ 35 ደቂቃ፣ ወጥቶ 10 ደቂቃ ሳይከፈት ይረፍ። የሚያምረው ነገር አያርም፣ ማማሰልም የለበትም።

#13 እትዬ ጭልፋ

ጎጆው ተራራ ላይ ነው? በ300 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። በ2,400 ሜትር 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የበሰለውን ለማሞቅ ይህ ምንም አያስቸግርህም፤ 74 ዲግሪ መሐሉ ከደረሰ በቂ ነው። ጥሬ ሩዝ ግን 10 ደቂቃና ጥቂት ውሃ ይጨመርለት። ጥሬ ቦሎቄማ እዚያ አይታሰብ።

#14 ውርጭ

አስተሻሸግና አጫጫን። ወጡን ባለ ዚፕ ወፍራም ከረጢት ውስጥ 2 ሊትር 2 ሊትር አድርገህ አየሩን አስወጥተህ ዝጋው፤ ትሪ ላይ አጋድመህ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳስቶ እንዲቀዘቅዝ አድርግ። ጠፍጣፋው በአንድ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይቀልጣል፤ በባልዲ የቀዘቀዘ 6 ሊትር ግን በሁለት ቀንም መሐሉ ድንጋይ ነው። ጠንካራ ዕቃ የምትጠቀም ከሆነ ከላይ 3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተው፤ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ያብጣል፣ ክዳን ይሰብራል።

ከረጢቱን በሌላ ከረጢት ደርበው። ስሙን ሳትሞላው በፊት ጻፍበት፤ በረዶ የያዘ ላስቲክ ላይ ቀለምም ፕላስተርም አይይዝም። የሚጻፈው ስም ብቻ አይደለም፦ የተሠራበት ቀን፣ የየትኛው ቀን እራት እንደሆነ፣ ስጋ ወይም ወተት መኖሩን፣ ሲሞቅ ምን እንደሚጨመርበት። ወጡን የሚያሞቀው አንተ ላትሆን ትችላለህ።

የበረዶ ሳጥኑን ከመጫንህ በፊት በነበረው ሌሊት በረዶ አስገብተህ አቀዝቅዘው፤ የሞቀ ሳጥን የመጀመሪያውን በረዶ ራሱን ለማብረድ ይጨርሰዋል። ከታች የእሑዱ፣ በላዩ የቅዳሜው፣ ከላይ የዓርቡ። ክፍት ቦታ ካለ በበረዶ ጠርሙስ ሙላው። ጠርሙሱን አንድ አሥረኛ አጉድለህ ነው የምታቀዘቅዘው፤ ሲቀልጥ የመጠጥ ውሃ ይሆናል። ትልልቅ በረዶ ከተከሰከሰው ይቆያል። መጠጥ ለብቻው ሳጥን ይሁንለት፤ በየ10 ደቂቃው የሚከፈት ሳጥን ስንቅ አይጠብቅም።

ውጭው ብርድ ነው ብሎ በረንዳ ላይ ማስቀመጥም አይሆንም። ቀን ፀሐይ ታሞቀዋለች፣ ማታ አውሬ ያገኘዋል።

#15 ስንቀኛው

ተመስገን፣ አሁን ቅርጽ ያዘ። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ ማክሰኞ ቦሎቄውን ዘፍዝፌ ረቡዕ እቀቅላለሁ፣ ወጡን ሠርቼ አቀዘቅዛለሁ። የስጋውን ወጥም ረቡዕ። ሐሙስ ሁለቱን ላዛኛ ደርድሬ ፍሪዘር፣ ድንቹን ቀቅዬ ፍሪጅ። ዓርብ ጠዋት ሁሉንም ከፍሪዘር አውጥቼ መጫን። ስጋ ለማይበሉት ዓርብ ከስጋው ወጥ መረቁን ብቻ በጭልፋ አወጣላቸዋለሁ።

#16 እትዬ ጭልፋ

የመጨረሻውን አረፍተ ነገር ሰርዘው፣ ልጄ። ስጋ የተቀቀለበት መረቅ ስጋ ነው። ቁሌቱንና ቲማቲሙን በአንድ ድስት ሥራ፤ ስጋ ከመግባቱ በፊት አንድ ሊትር ተኩል ለይተህ ቅዳ። በእሱ ውስጥ 300 ግራም ምስርና ሁለት ካሮት ጨምረህ ለብቻው አብስል፣ ለብቻው አሽግ፣ ለብቻው በትንሽ ድስት አሙቅ። ጭልፋውም የራሱ ይሁን። ሁለተኛዋ ምድጃህ ዓርብ የተረፈችው ለዚህ ነው።

ሁለት ላዛኛ በአንድ ሐሙስ ማታ ደርድሮ ማቀዝቀዝም አይመችህም። ሁለት የብረት ትሪ ሙሉ ትኩስ ስጎ ይዞ የቤት ፍሪዘር ውስጥ ሲገባ ያለውን ያቀልጠዋል። ስጎውን ማክሰኞ ሥራና አብርደው፤ በቀዝቃዛ ስጎ ረቡዕ ደርድር።

#17 ባለ ሚዛን

ሁሉንም ዓርብ ጠዋት ከፍሪዘር ካወጣህ ደግሞ የዓርቡ ወጥ ማታ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቅሃል። ከፍሪጅ የወጣ 6 ሊትር ወጥ በአንድ ምድጃ ለመፍላት 40 ደቂቃ ያህል ሲፈልግ፣ በረዶ ከሆነ በግምት ሁለት እጥፍ ነው። ደክሞት የደረሰ ሰው ያንን አይጠብቅም። የዓርቡን ሐሙስ ጠዋት ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አዛውረው። የቅዳሜውን ዓርብ ማታ ስትደርሱ ጎጆው ፍሪጅ ውስጥ አስገባው፤ ለዚህም ፍሪጁን ቀድሞ እንዲያበሩት አከራዩን ንገረው፣ ጠፍቶ የቆየ ፍሪጅ እስኪበርድ ሰዓታት ይወስዳል። የእሑዱ እስከ ቅዳሜ ማታ ሳጥኑ ውስጥ ይቆይና በላዛኛው ቦታ ይግባ። የሳጥኑን የውስጥ ሙቀት የሚለካ ትንሽ ቴርሞሜትር ጨምርበት፤ ከ5 በላይ ካለፈ በረዶ አድስ ወይም የእሑዱን ቀድማችሁ ብሉት።

ቁርስ ላይ አትጨናነቅ። አጃ ለአንድ ሰው 50 ግራም፣ 12 ሰው 600 ግራም፣ ውሃው 3 ሊትር ያህል። ለወተቱ ጉዳይ በውሃ አብስልና ወተቱን ጠረጴዛ ላይ ለፈለገ አቅርብ።

#18 ክዳን ያላጣ

ሲሞቅ የሚበላሸውን ብቻ ልጨምር። የቦሎቄ ወጥ አድሮ ይጠጥራል፤ እንዳለ ከፍተኛ እሳት ላይ ከተጣደ ላዩ ገና ቀዝቃዛ እያለ ሥሩ ያርራል። መጀመሪያ ግማሽ ሊትር ውሃ ድስቱ ውስጥ አፍላ፣ በላዩ ወጡን በክፍል በክፍል ጨምር፣ እሳቱ ዝቅ ይበል፣ በእንጨት ማማሰያ ሥሩን እየነካህ አማስል። ካረረ ሥሩን አትፋቀው፤ ላይ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ቅዳው፣ ያረረው እዚያው ይቅር። ጨው የምታስተካክለው በዚህ ጊዜ ነው፤ ትንሽ ሎሚ ወይም ኮምጣጤና ትኩስ ቅጠላ ቅጠልም እሳቱ ሲጠፋ ይጨመር፣ አድሮ የደከመውን ጣዕም ያነቃዋል።

#19 ስንቀኛው

መረቁን ሰርዣለሁ፣ እትዬ፤ የምስሩ ድስት ተጨምሯል። አከራዩም መለሰ፦ ከአንዱ ምድጃ እምብርት እስከ ሌላው እምብርት 28 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ፣ ጋዙ አዲስ ይገባል። የእኔ ትልቁ ድስት ስፋቱ 32 ነው።

#20 እትዬ ጭልፋ

32 ጎን ለጎን ካለው ድስት ጋር ይጋጫል። ለምስሩ ከ22 የማይሰፋ ድስት ውሰድ፤ ግማሽ ለግማሽ ሲደመሩ 27 ነው፣ በመሐላቸው አንድ ጣት ይተርፋል። እጀታዎቹን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አዙራቸው።